ሰማይ የማይችለውን ማኅፀን ቻለው፦ በሃይማኖታዊ ግጥም ውስጥ ያለውን አያዎ እንዴት እናንብበው?

በትውፊት የብህንሳው ኤጲስ ቆጶስ አባ ሕርያቆስ ደረሰው በሚባለው በቅዳሴ ማርያም ውስጥ እመቤታችን በቀጥታ የምትጠየቅበት አንድ ቦታ አለ። ሐሳቡ በአማርኛ እንዲህ ነው፦ ሰባቱ የእሳት መጋረጃዎች በሆድሽ ውስጥ በየት በኩል ተጋረዱ? በቀኝ ነውን ወይስ በግራ? አንቺኮ ታናሽ ሙሽራ ነሽ። ጥያቄው የሚገርመው ቦታ መፈለጉ ነው። ኪሩቤል የሚሸከሙትን የእሳት ዙፋን በአንዲት ብላቴና ሰውነት ውስጥ ለማኖር ቀኙንና ግራውን ይለካል፤ ሲለካም ቦታው እንደማይበቃ አንባቢው በዓይኑ ያያል።

ይህን የመሰለ ንባብ ከቅዳሴው ተቆርጦ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲለጠፍ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ምላሽ ይከተለዋል። አንዱ ወገን «እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ነው፣ የማያስብ ሰው የጻፈው ነው» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ምሥጢር ነው፣ አይጠየቅም» ብሎ በሩን ይዘጋል። ሁለቱም ወገኖች ግጥሙን ገና አላነበቡትም። የመጀመሪያው ደራሲው ግጭቱን ሳያውቅ የተሳሳተ ይመስለዋል፣ ደራሲው ግን ግጭቱን ሆን ብሎ ነው ያቆመው። ሁለተኛው መጠየቅን ይከለክላል፣ ደራሲው ግን ራሱ እየጠየቀ ነው።

አያዎ ምንድን ነው? ከተራ መጋጨትስ በምን ይለያል?

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት አያዎ የሚባለው ላይ ላዩን ሲሰሙት ራሱን በራሱ የሚያፈርስ የሚመስል፣ ሲመረምሩት ግን እውነት የያዘ አባባል ነው። «አይሆንም» እና «ሆነ» በአንድ ትንፋሽ ይነገሩበታል። የማይታየው ታየ፤ የማይዳሰሰው ተዳሰሰ፤ ዘመን የማይቆጠርለት ዘመን ተቆጠረለት።

እውነተኛ መጋጨት ወይም ተቃርኖ የሚባለው ግን አንድን ነገር በአንድ ጊዜ፣ ስለ አንድ አካል፣ በአንድ በኩል «ነውም፣ አይደለምም» ማለት ነው። ይህን ድንበር ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው አርስጣጣሊስ በግልጽ አስምሮታል፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም አልሻሩትም። በአያዎ ውስጥ ሁለቱ ቃላት የሚነገሩት ስለ አንድ አካል ቢሆንም የሚነገሩበት በኩል ይለያያል። ስለዚህ አንባቢው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህ የተባለው በምን በኩል ነው? ያኛውስ?» ብሎ ነው። የአንድምታ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ባህላዊ የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ መምህራን ንባቡን ካነበቡ በኋላ «እንዴት ነው ቢሉ» እያሉ የሚጀምሩት ሐተታ ከጥንት ጀምሮ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መጠየቅን ክብረ ነክ አድርጎ የሚያይ ሰው የገዛ ቤቱን የትርጓሜ ሥርዓት ዘንግቷል ማለት ነው።

ገጣሚዎቹ ነገሩን በቀጥታ ለምን አልተናገሩትም?

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ ምስክር ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ነው። በ306 እ.ኤ.አ. ገደማ በንጽቢን ከተማ ተወለደ፤ ከተማዋ በ363 ለፋርስ ስትሰጥ ከክርስቲያኖቿ ጋር ተሰድዶ ወደ ኤዴሳ ሄደ፤ በዚያም በ373 ዐረፈ። ዲያቆን ነበር፤ የሚጽፈውም በሱርስት ቋንቋ ለዝማሬ የሚሆን ግጥም ነበር፤ ግጥሞቹንም ሴቶች በማኅበር ሆነው ይዘምሯቸው ነበር።

የኖረበት ዘመን የአርዮስ ክርክር ዘመን ነው። የእስክንድርያው ቄስ አርዮስና ከእርሱ በኋላ የመጡት ተከታዮቹ «ወልድ ከተወለደ መጀመሪያ አለው፤ መጀመሪያ ካለው ፍጡር ነው» የሚል፣ ላይ ላዩን ሲሰሙት ቀጥ ያለ የሚመስል ክርክር ያቀርቡ ነበር። የኒቅያ ጉባኤ በ325 ይህን ትምህርት አወገዘ፤ የንጽቢኑ ኤጲስ ቆጶስ ያዕቆብም በጉባኤው ነበር። ኤፍሬም የክርክሩን ሥር ያየው ከዚያ ጠለቅ ብሎ ነው። በእርሱ አስተያየት የእነዚህ መርማሪዎች ስሕተት የተሳሳተ መልስ መስጠታቸው ብቻ አልነበረም፤ የፈጣሪን ባሕርይ በሰው ቋንቋ ወሰን ውስጥ አስገብተው፣ ለክተው ለመጨረስ መነሣታቸው ጭምር ነው። አንድን ነገር መበየን ዳር ድንበሩን ማስቀመጥ ነውና፣ ዳር ድንበር የሌለውን መበየን እርሱን ወደ ፍጡር ማውረድ ይሆናል።

ታዲያ ዝም ይባል? ኤፍሬም ይህንንም አልመረጠም፤ እግዚአብሔር ራሱን ከገለጠ ሰው ማመስገን አለበት። ስለዚህ ያለ ብያኔ የሚናገር፣ ያለ ዝምታም የሚጠነቀቅ ሦስተኛ መንገድ ያዘ፤ እርሱም ሁለት እውነቶችን ፊት ለፊት አቁሞ በመካከላቸው ያለውን ሳይወስኑ መተው ነው። በልደት መዝሙሮቹ በአንዱ ስለ እመቤታችን የሚለው በአማርኛ ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ጌታ ወደ እርስዋ ገባ፣ አገልጋይም ሆነ፤ ቃል ገባ፣ በውስጧም ዝም አለ፤ ነጎድጓድ ገባ፣ ድምፁም ጠፋ፤ የሁሉ እረኛ ገባ፣ ግልገል ሆኖም እየጮኸ ወጣ።

እነዚህ ጥንዶች እንዲያው ተቃራኒ ስለሆኑ ብቻ የተመረጡ አይደሉም። ጌታ አገልጋይ መሆኑ «የባሪያን መልክ ይዞ» ከሚለው ከፊልጵስዩስ መልእክት ነው። እረኛው ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10፣ በጉ ደግሞ ከዚያው ወንጌል ምዕራፍ 1 የመጡ ናቸው። ቃል ዝም አለ የሚለው ከሁሉ የረቀቀ ነው፤ «በመጀመሪያ ቃል ነበረ» የተባለለት፣ አፉን የማይፈታ ጨቅላ ሆኖ መወለዱን በሦስት ቃል ይናገራል። አብዛኛው የክርስትና ግጥም አያዎ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ በተለያየ ቦታ ያሉ ሁለት የመጽሐፍ ቃላትን ጎን ለጎን ያመጣቸዋል። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲመርቅ ሰማይ፣ ከሰማያት በላይ ያለው ሰማይም እንኳ እግዚአብሔርን ሊይዘው እንደማይችል ተናገረ፤ ሉቃስ ደግሞ በግርግም ተኛ ይላል። ሁለቱን ምስክሮች የሚያምን ሰው አንዱን ደብቆ ሌላውን ማንበብ አይችልም፤ ገጣሚውም ያደረገው በብዙ ገጽ የተራራቁትን በአንድ መስመር ማገናኘት ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ በቅርብ ስናየው ምን ይመስላል?

ውዳሴ ማርያም በሰባቱ የሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ የሚጸለይ ምስጋና ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት የዚሁ የቅዱስ ኤፍሬም ድርሰት ነው፤ ተመራማሪዎች ደግሞ የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ከምትዘምረው ቴዎቶኪያ ከሚባለው የእመቤታችን ምስጋና ጋር ያገናኙታል። የሐሙሱ ክፍል የሚጀምረው ሙሴ በምድረ በዳ ባያት ዕፅ ነው፤ በእሳት ትነዳለች፣ ቅርንጫፎቿ ግን አይቃጠሉም፤ እርስዋም ድንግል ማርያምን ትመስላለች ይላል።

የኦሪት ዘጸአትን ምዕራፍ 3 የሚያውቅ አንባቢ ታሪኩ አዲስ አይሆንበትም። መምህራኑ ግን ታሪኩን አንሥተው ሁለት አቅጣጫ ባለው አንድ አባባል ያስሩታል፦ ነበልባሉ ሐመልማሉን (ለምለሙን ቅጠል) ሳያቃጥለው፣ ሐመልማሉም ነበልባሉን ሳያጠፋው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው፤ እሳት አለ፣ ቅጠሉ ግን አልተቃጠለም፣ ይህ ተአምር ነው ብሎ ያልፋል። ክብደቱ ያለው ግን በሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው። እርጥብ ቅጠል እሳት ላይ ሲጣል ጭሶ ያዳፍነዋል፤ እዚህ ግን እርጥበቱ እሳቱን አላዳከመውም። እሳቱ መለኮት፣ ሐመልማሉ ትስብእት (ሰው መሆኑ) ነው ተብሎ ሲተረጎም እያንዳንዱ ግማሽ አንድ የስሕተት መንገድ ይዘጋል። ነበልባሉ ሐመልማሉን አላቃጠለውም ማለት መለኮት ሥጋን አላጠፋውም፣ ስለዚህ እውነተኛ ሰው ነው ማለት ነው። ሐመልማሉ ነበልባሉን አላጠፋውም ማለት ደግሞ ሥጋ መለኮትን አላሳነሰውም፣ ስለዚህ እውነተኛ አምላክ ነው ማለት ነው። በአንድ መስመር ውስጥ ሁለት የታሪክ ክርክሮች መልስ አግኝተዋል። ግጥሙ ስለ ነገሩ ደብዛዛ ሆኖ የተናገረ ለሚመስለው ሰው ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል፤ አያዎ እዚህ ላይ የጥንቃቄ መሣሪያ ነው።

የበገና አውታር ድምፅ የሚሰጠው አንዱ ጫፉ ከቀንበሩ፣ ሌላው ከገበቴው ተወጥሮ ሲታሰር ነው፤ ውጥረቱ አስጨንቆት አንዱን ጫፍ የፈታ ሰው የሚያጠፋው ዜማውን ነው። አያዎንም በአንድ ወገን ፈትቶ ማሳረፍ እንዲሁ ነው።

ሁለቱ ቃላት የሚነገሩት ስለ ማን ነው?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ «በምን በኩል?» ብሎ መጠየቅ ወደ ሌላ ስሕተት ሊወስድ ይችላልና። አንድ ሰው «የማይታመመው ታመመ» የሚለውን ሲሰማ «ቀላል ነው፤ የታመመው ሰውየው ነው፣ ያልታመመው አምላክ ነው» ብሎ ለሁለት ባለቤት ቢያከፋፍለው ግጭቱ ይጠፋል፤ ነገር ግን አያዎውም አብሮ ይጠፋል፣ የቀሩት ሁለት ተራ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። በ431 እ.ኤ.አ. በኤፌሶን ጉባኤ የተወገዘው የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ የንስጥሮስ ችግር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ንስጥሮስ ድንግል ማርያምን «ወላዲተ አምላክ» ለማለት ተቸገረ፤ ስሙ ራሱ ፍጥርት ፈጣሪዋን ወለደች የሚል አያዎ ስለሆነ።

በጉባኤው ፊት የቆመው የእስክንድርያው ቅዱስ ቄርሎስ የመረጠው ሌላ መንገድ ነው። እርሱ በግሪክኛ ያለ ሕማም ታመመ የሚል አባባል ነበረው፤ ሕማም የማይስማማው አንዱ ቃል፣ በተዋሐደው ሥጋ በእውነት ታመመ ማለቱ ነው። በእኛ ሊቃውንት አነጋገር ይህ «የቃል ገንዘብ ለሥጋ፣ የሥጋ ገንዘብ ለቃል ሆነ» ይባላል። የሥጋ ገንዘብ የሚባሉት መራብ፣ መድከም፣ መሞት ናቸው፤ የቃል ገንዘብ የሚባሉት አለመወሰን፣ ሕይወት መስጠት፣ መመለክ ናቸው። በተዋሕዶ አካሉ አንድ ስለሆነ የአንዱ ገንዘብ በሌላው ስም ይነገራል። ስለዚህ አንባቢው ሁለት ነገሮችን አብሮ መያዝ አለበት፦ የሚነገርበት በኩል ይለያያል፣ የሚነገርለት ግን አንድ ነው። ሁለተኛውን የጣለ ሰው ውዳሴ ማርያምን ሙሉ ሊያነብ ይችላል፣ አንዱን መስመር ግን እንደ ደራሲው አያነበውም።

ይህ ሰምና ወርቅ አይደለም ወይ?

አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን ያምታታቸዋል። በሰምና ወርቅ አንድ ቃል ወይም ሐረግ ሁለት ፍቺ ይይዛል፤ ላይኛው ሰም ነው፣ ውስጠኛው ወርቅ ነው፤ ፈቺው ወርቁን ሲያገኝ ሰሙ ሥራውን ጨርሷል፣ አንጥረኛው ወርቅ ሲያፈስ ሰሙ ቀልጦ እንደሚወጣ። በአያዎ ግን ቀልጦ የሚወጣ ወገን የለም። «ቃል ዝም አለ» ሲባል ቃልነቱ እውነት ነው፣ ዝምታውም እውነት ነው፤ አንዱ የሌላው መሸፈኛ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሁለቱ በአንድ ቅኔ ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ባለው የግእዝ ቅኔ ባለቅኔው በሰሙ የዕለት ተዕለት ነገር ተናግሮ በወርቁ የሥጋዌን (የአምላክን ሰው መሆን) ወይም የስቅለትን አያዎ ሊያስቀምጥ ይችላል። የቅኔ ቤት ተማሪ መጀመሪያ ሰሙን ከወርቁ ይለያል፤ ከዚያ በኋላ ወርቁ ራሱ አያዎ ሆኖ ቢያገኘው ፍቺው ያልተሳካለት ሊመስለው አይገባም።

ስለ አምላክ ባሕርይ ብቻ ነው የሚነገረው?

ስለ ሰው አኗኗር የሚነገር አያዎም አለ፤ ጌታ ነፍሱን ሊያድናት የሚወድ ያጠፋታል ማለቱ፣ ጳውሎስም ስደክም ያን ጊዜ ኃይለኛ ነኝ ማለቱ ከዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ የሚፈቱት በሐተታ ሳይሆን በኑሮ ነው፤ ያላደረጋቸው ሰው ቢያብራራቸውም የያዛቸው አይመስለኝም። በትንሣኤ የምንሰማው ሞትን በሞቱ ሻረ የሚለው ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ ራሱ ሞት የሞት መሸነፊያ ሆነ ይላል፣ ምእመኑንም ከሞት ፍርሃት ያወጣዋል።

በእስልምናም የአያዎ መሠረቱ ጽኑ ነው። ቁርኣን በምዕራፍ 57 ቁጥር 3 ላይ አላህን የመጀመሪያውና የመጨረሻው፣ ግልጹና ስውሩ እያለ በጥንድ ይጠራዋል፤ በምዕራፍ 50 ቁጥር 16 ደግሞ ከሰው የደም ሥር ይልቅ ቅርብ እንደሆነ ይናገራል። የሱፊ፣ ማለትም የእስልምና መንፈሳዊ መንገድ፣ ገጣሚዎች ቅርብ ሆኖ መሰወርን፣ ጠፍቶ መገኘትን፣ «ሳትሞቱ ሙቱ» የሚለውን ምክር ደጋግመው ይገጥሙባቸዋል፤ የወሎ መንዙማም ከዚህ ከሱፊ ሥር የበቀለ ነው። ከክርስትናው ግጥም የሚለየው አያዎው የሚያርፍበት ቦታ ነው። በክርስትናው ከፍታና ዝቅታ በአንዱ በክርስቶስ ይገናኛሉ፤ በሱፊው ግን ይበልጡን የሚነገረው ፈጣሪ በባሕርዩ ሳይለወጥ ወዳጁ «እኔ» ማለቱን ትቶ ስለ መጥፋቱ ነው። ይህን ልዩነት ሳያዩ «ሁሉም ያው ነው» ማለት ለሁለቱም ወገን አክብሮት የጎደለው ንባብ ይሆናል።

እንግዲያውስ የሚጋጭ ነገር ሁሉ «ምሥጢር» ተብሎ ይታለፍ?

በፍጹም። አያዎ የሚጽፉት ሰዎች ማሰብ ያቃታቸው አልነበሩም። ኢትዮጵያዊው ሊቅ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ መጽሐፈ ምሥጢርን ሲጽፍ የመናፍቃንን ቃል አንድ በአንድ እያነሣ፣ ከመጽሐፍ እየጠቀሰ፣ እየተከራከረ ነው የመለሰው። ያው ሰው በአርጋኖን እመቤታችንን ሲያመሰግን በምሳሌና በአያዎ ይናገራል። ክርክሩ ምን ማለት እንደማይገባ ለይቶ አጥሩን ሠራ፤ ግጥሙ በአጥሩ ውስጥ አመሰገነ። አጥር የሌለው አያዎ ማንም የፈለገውን የሚያስገባበት ሜዳ ይሆናል።

ቃሉ በምን በኩል እንደተነገረ አለመለየት የሚያስከትለውን ታሪክ ያሳያል። በ922 እ.ኤ.አ. በባግዳድ የተገደለው ሱፊው አል-ሐላጅ «እኔ ሐቅ ነኝ» አለ ተብሎ የሚነገርለት ቃል እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ከሳሾቹ አምላክነትን ተናገረ ይላሉ፣ ወዳጆቹ ደግሞ «እኔ» የሚለው ጠፍቶ ሐቅ ብቻ ስለቀረ ነው ይላሉ። በእኛም አገር ቅባትን የሚሰጠው ክርስቶስ ራሱ በመንፈስ ቅዱስ «ተቀባ» መባሉ በምን በኩል ነው የሚለው ጥያቄ ለረጅም ዘመን ሊቃውንቱን ከፋፍሎ፣ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን በ1870 ዓ.ም. በወሎ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ አስጠርቷል። የቃላት ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ንጉሥና ሊቃውንት አይሰበሰቡለትም ነበር።

ስለዚህ ዛሬ «ምሥጢር ነው» የሚባል ነገር ሲቀርብልን ልንመረምረው እንችላለን፤ መመርመራችንም ክህደት አይደለም። እውነተኛ አያዎ ሁለቱንም ወገኖቹን ከመጽሐፍ ወይም ከትምህርቱ ምስክር አድርጎ ያቀርባል፤ በምን በኩል እንደተነገሩ ሲጠየቅ መልስ አለው፤ አንዱ ወገን ቢወጣ ትምህርቱ ይፈርሳል። አንድ ሰባኪ ባለፈው ያስተማረውን ዛሬ በሌላ ትምህርት ሲያፈርስ፣ ወይም ለምእመኑ ጾምና ልግስና እየሰበከ የራሱን ኑሮ ሲጠየቅ «የእግዚአብሔር ነገር አይመረመርም» ቢል፣ ይህ ከሦስቱ አንዱንም አያሟላም። ምስክር የለውም፣ በምን በኩል እንደተነገረ አልተለየም፣ አንዱ ወገን ቢወጣም የሚፈርስ ትምህርት የለም፤ የሚቀረው መልስ የሚሻ ጥያቄ ነው፣ ጥያቄውንም «እንዴት ነው ቢሉ» በሚባልበት ጉባኤ ፊት ማንሣት የምእመኑ መብት ነው።